ዘጠኝ ቁጥር

ሮተም አራተኛውን ጎል ስታገባ ዞሃር ምንም አላለችም።

ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ዞሃር ስትሸነፍ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። አንድ ጎል ከገባባት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ትላለች፤ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፋ አላሳይ አለችኝ ትላለች፤ ሲብስባት ገመዱን ትነቅላለች። ዛሬ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፈዝዛ ታያለች።

«ያላ፣ ምን ሆነሻል? በረኛሽን ለምን ታስወጪዋለሽ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«አራት ጊዜ?»

«ደክሞኛል በቃ። ባግሩቱ ጨረሰኝ።»

እውነት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሁለቱም የሒሳብ ባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ ተፈትነው ነው የመጡት። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሮተም በቀጥታ ወደ አሽቀሎን ሄዳ ሆስፒታል የተኛውን አጎቷን ልትጠይቅ አስባ ነበር። ወደ ቤት የመለሰቻት ዞሃር ናት። ማታ ከእናትሽ ጋር ትሄጃለሽ፣ አሁን አንድ ጨዋታ እንጫወት ብላ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። መንገድ ላይም ባትሪዬ አልቋል ብላ የሮተምን ስልክ ተቀበለች፤ የራሷ እናት ጋ ደወለችና ኪሷ ከተተችው።

ፕሌይስቴሽኑ የአጎቷ የአቻምየለህ ነው። በቤቱ ሁሉም አቻም ነው የሚለው። የሮተም እናት ታናሽ ወንድም ነው፤ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ በማታ ፈረቃ ይሠራል፣ የሚኖረውም ከእነሱ ጋር ነው። አልጋው ሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የተጫወተባቸው ነገሮች የሞሉበት ካርቶን አለ፦ እየተሽከረከሩ የሚጋጩ ቤይብሌዶች፣ ባትሪዋ ካለቀ ዘመን የሆናት ታማጎቺ፣ ጥግ ጥጋቸው የተላጠ የኳስ ተጫዋቾች ካርዶች። አቪሓይ፣ የሮተም ወንድም፣ ሠራዊት ከመግባቱ በፊት ይህን ሙዚየም መቼ ነው የምንጥለው እያለ ይቀልድበት ነበር።

የኳሱ ጨዋታ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዛሬ አሰልጣኝ ሆነው ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች እዚያ ውስጥ ገና ወጣት ሆነው ይሮጣሉ። አቻም ከእነሱ ጋር የሚጋጠም የራሱን ቡድን ፈጥሮ በከተማቸው ስም «ቂርያት ጋት» ብሎታል። ዘጠኝ ቁጥር እሱ ነው። አቪሓይ አራት ቁጥር፤ ሮተም ደግሞ መጫወት የቻለች ዕለት አሥራ አንድ ቁጥር ተሰጣት።

አቻም ለማንም ሆን ብሎ አይሸነፍም። ሮተም ትንሽ ሳለች ተሸንፋ ስታለቅስ እናቷ፣ አንዴ እንኳ ብትለቅላት ምናለ ብላ ተቆጥታው ነበር። እሱም «ሆን ብሎ መሸነፍ ለሰው ማዘን ነው። እኔ እወዳታለሁ እንጂ አላዝንላትም» አላት። ያን ቀን ዞሃርም አጠገባቸው ነበረች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሶፋ ላይ ማንም ለማንም አላዘነም።

አምስተኛው ጎል መጣ። ዘጠኝ ቁጥር ኳሱን መሀል ሜዳ ላይ ተቀብሎ ወደ ፊት ሮጠ። የዞሃር ተከላካዮች ቆመው አሳለፉት። ሮተም ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗን አንሥታ የጓደኛዋን እጆች አየች። ጣቶቿ ቁልፎቹን አልነኩም።

ዘጠኝ ቁጥር አገባና እጆቹን ዘርግቶ ሮጠ።

«ዞሃር፣ ስልኬን ስጪኝ።»

ዞሃር በሩን አየች።

ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ የሚያወራ ግን የለም። በሩ ሲከፈት እናቷ ዓባይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ገባች። የሸሚዟ አንገትጌ ተቀድዷል። ከኋላዋ የታችኛው ቤት አባ ጌታዬና ሌሎች ጎረቤቶች ቆመዋል። ጫማቸው ሁሉ አፈር ነው።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ አባ ጌታዬ። ሮተም ግን ቀድሞውኑ ተቀምጣ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሁሉንም በየተራ ሰማች። አቻም ያረፈው ትናንት ማታ እሷ ስታጠና ነው፤ ቀብረውት የተመለሱትም አሁን ነው። እናቷ ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እራት አቅርባላት፣ ብዪ ብላታለች። ሕንፃው በሙሉ ያውቅ ነበር። ዞሃርም ጠዋት ከእናቷ ሰምታ ነው ለፈተና የገባችው።

«እኔ ጎል ሳገባ እናንተ አፈር ትመልሱ ነበር» አለች ሮተም።

እናቷ አልተቆጣችም። ለፈተና ለሚወጣ ልጅ መርዶ አይነገርም አለች፤ ሰው ብቻውን እያለ፣ ባዶ ሆዱን፣ መንገድ ላይ እያለ አይነገርም። እሷንም አባቷ የሞቱ ጊዜ እንዲሁ ቆይተው ነው ያረዷት። ሮተም ይህን ሕግ ታውቀዋለች። በሌሎች ቤት ሲደረግ አይታለች። ነገሩን ከሚያውቁት ውጭ ብቻዋን እንደምትቀር ግን አስባ አታውቅም።

ፍራሾቹ ሲነጠፉ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዞሃር ተከትላት መጣችና ስልኳን ሰጠቻት።

«እናትሽ ለምናኝ ነው።»

«አንዳችን ሌላዋን እንዳንዋሽ ተማምለን እናውቃለን? አልተማማልንም። መማማል አላስፈለገንም ነበር።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ፈተናው በር ላይ ልንገርሽ?»

«ቢያንስ አሸንፊኝ።»

ዞሃር አለቀሰች። «አሸንፌ ላበቃው ነበር» አለች። «ከዚያ ስሙ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ። እሱ እንዲያገባ ፈለግሁ።»

ሮተም ስልኳን ከፈተችው። ወዲያው ጠራ፤ አቪሓይ ነው።

እናቷ ድምፁን ሰምታ ከውስጥ እየተጣደፈች ወጣች። አቻም ደህና ነው በይው አለቻት በሹክሹክታ፤ ነገ ሰዎች ሄደው ያመጡታል፤ መሣሪያ ይዞ ዘብ ለሚቆም ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሮተም ራሷን ነቀነቀች። እናቷ እሺታ መስሏት ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች።

«ማ ኒሽማ፣ እንዴት ነሽ እታለም? ባግሩቱስ?» አለ አቪሓይ።

«አለፈ።»

«አቻም ስልክ አያነሣም። ደህና ነው አይደል?»

በተከፈተው በር ቴሌቪዥኑ ይታያል። ማንም አላጠፋውም። ዘጠኝ ቁጥር እጆቹን እንደዘረጋ ነው። ደህና የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ አጭር ነው፣ ቢወጣ ምንም አይከብድም። ዞሃርም ጠዋት ይህን ያህል ቀሏት እንደነበረ፣ ወይም እንደከበዳት፣ አሰበች። ቀና ስትል ዞሃር እያየቻት ነው።

«አቪሓይ፣ አሁን ዘብ ላይ ነህ?»

«ጨርሼ ልተኛ ነበር። ምነው?»

«በስልክ አልነግርህም። ግን አልዋሽህም። መሣሪያህን ለሰው ስጥና ምፋኬድህ ጋ ሂድ፤ አዛዥህን እኔ አናግረዋለሁ። ዛሬውኑ መጥተው ይወስዱሃል።»

ከወዲያ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ሮተም» አለ፣ እንደ ትንሽ ልጅ።

«እስክትደርስ አልዘጋም። ሂድ።»

ዞሃር ለመሄድ ተነሥታ ነበር። ሮተም ሂጂም ተቀመጪም አላለቻትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ የወንድሟ ቡት ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ ታዳምጣለች። ዞሃር ጥቂት ቆማ ቆየችና ከሁለት ደረጃ በታች ተመልሳ ተቀመጠች።