በፊውዙ ቦታ የተበየደችው ሽቦ

ክሪሳንቶ ካታልባስ በማስተማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ገብቷል። ደሙ በነጩ ሴራሚክ ላይ ፈስሶ፣ የተበተኑትን ትናንሽ ብሎኖች አቅልቷቸዋል። ከጆሮው አጠገብ አንድ ፓወር ሰፕላይ ወድቋል፤ ለኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ከባድ የብረት ሳጥን። አንዱ ማዕዘኑ ተጣሟል። በተጣመመው ላይ ሽበት የጣለበት ጸጉር ተጣብቋል።

መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት በሩን ከፈተች፤ ባልዲዋን ጣለች፤ ደረጃውን እየተንደረደረች ወርዳ ከሥር ካለው ዳቦ ቤት ሰው ጠራች።

ሳጅን ኤድጋር ፓልማሬስ ሲደርስ የኢሎይሎ ከተማ ሙቀት ክፍሉን ማፈን ጀምሯል። ሬሳውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

"ከወደቀም በኋላ መትተውታል" አለ።

ጥግ ላይ፣ የክፍሉን የጥበቃ ካሜራ ምስል የሚቀዳው ኮምፒውተር በጎኑ ተጋድሟል። ክዳኑ ተገንጥሏል። የሃርድ ዲስኩ ማቀፊያ ባዶ ነው።

"ገዳዩ የተቀዳ ፊቱን ይዞ ሄዷል" አለ ፓልማሬስ።

የኮምፒውተር ጥገና ማሠልጠኛው ሌላው ባለቤት ኔልሰን ማግባኑዋ እያለከለከ ገባ። ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ክሪሳንቶ ያስተምራል፤ ኔልሰን ጓሮ ባለው ወርክሾፕ ያገለገሉ ዕቃዎችን አድሶ ይሸጣል።

"ማን ይጠላው ነበር?" ሲል ጠየቀ ፓልማሬስ።

"ማንም። ትናንት ግን አንዲት ሠልጣኝ አንቃው ነበር። ሮዌና ቱፓስ ትባላለች። 'ወንድሜን ገደልከው' እያለች። ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል።"

"አሁን የት ናት?"

"እኔ እንጃ፣ ሳጅን። ዛሬ አልመጣችም።"

ሮዌናን ያገኟት ወደ ጊማራስ ደሴት የሚሻገሩ ጀልባዎች በሚቆሙበት ወደብ ላይ ነው። ስሟን ሲጠሩ ሮጠች። አንድ ወጣት ፖሊስ ክንዷን ሲይዛት ነከሰችው። ፓልማሬስ ፊት ለፊቷ ቆመ። የያዘችውን ቦርሳ ባላት ኃይል ሁሉ አወዛውዛ አፉ ላይ አሳረፈችበት። ውስጡ ብረት ነበር። ጥርሱ ሲሰበር ሰማው።

ተረባርበው አስፋልቱ ላይ ጣሏት። አንዱ ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ ተከለ። ግንባሯ ተፈነከተ።

ከቦርሳው ውስጥ በእሳት የጠቆረ ፓወር ሰፕላይ ወጣ።

በምርመራ ክፍሉ ፓልማሬስ ደም የነካው መሐረብ አፉ ላይ እንደያዘ ተቀመጠ።

"አንዱን ሳጥን ጭንቅላቱ ላይ፣ ሌላውን ጥርሴ ላይ" አለ። "ሥራ በዝቶብሽ ነው የዋልሽው።"

"ጥርስዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሰር ክሪሳንቶን አልገደልኩም።"

"አንቀሽው የለ?"

"አንቄያቸዋለሁ።"

"ለምን?"

ሮዌና የታሰሩ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ወንድሜ ጆኔል የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት ይሠራ ነበር። ቤቱ ነደደ፤ እሱም አብሮ ነደደ። የእናንተ ሰዎች 'የኤሌክትሪክ አደጋ' ብለው ዘጉት። እሳቱ የተነሳው ከዚህ ሳጥን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የኮምፒውተር ማብሪያው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ወንድሜን ምን እንደበላው ለማወቅ ነው ትምህርት የገባሁት።"

"እሺ?"

"ትናንት ስለ ፓወር ሰፕላይ ተማርን። ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ፊውዙ ቀድሞ ተቃጥሎ ሌላውን እንደሚያድን። ይሄን አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሲፈቱት በፊውዙ ቦታ ሽቦ ተበይዷል። ፊታቸው አመድ መሰለ። 'ይሄ ከእኛ ወርክሾፕ የወጣ ነው' አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያነቅኳቸው። እጄን እንኳ አላስለቀቁኝም።"

"ከዚያስ?"

"'ነገ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን። ዛሬ ኔልሰንን ላነጋግረው፤ በገዛ እግሩ ቢሄድ ይሻለዋል' አሉ። ጠዋት ስመጣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ 'ሰር ክሪሳንቶ ሞቱ' ሲባል ሰማሁ። ይሄን አክስቴ ጋ ልደብቀው ነበር። ሌላ ማስረጃ የለኝም።"

"ታዲያ የካሜራውን ዲስክ ለምን ወሰድሽ?"

ሮዌና ቀና አለች። "የቱን ዲስክ?"

"ከማቀፊያው የወጣውን።"

"እሱ እኮ የሞተ ነው፣ ሳጅን። ባለፈው ሳምንት ተበላሸና እዚያው ትተነው እኛው ሠልጣኞቹ አዲስ ገጠምን። አዲሷ እንደ ማስቲካ የቀጠነች ናት። ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ከትንሽ የብረት ክዳን ሥር ነው የምትታሰረው። ክፍል የነበረ ሁሉ ያውቃል። የሞተውን ምን ላደርገው እሰርቃለሁ?"

"ማን አያውቅም?"

"ያን ሳምንት ኔልሰን ማኒላ ነበር።"

ፓልማሬስ ምላሱን በተሰበረው ጥርሱ ላይ አዟዟረ። ከዚያ ተነስቶ የእጅ ሰንሰለቷን ፈታላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ተመለሱ። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ ግን እዚያው ደርቋል። በሩን እንዲከፍት የተጠራው ኔልሰን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

"ዲስኩ ተሰርቋል። ምን ልታደርግ ነው?" አለ።

ሮዌና ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ሁለት ብሎኖች ፈታች። ከትንሿ የብረት ክዳን ሥር ቀጭኗ ዲስክ እንዳለች ናት።

ኔልሰን ከግድግዳው ተላቀቀ።

ማብሪያውን ተጫነች። ምንም የለም።

"ሞቷል" አለ ኔልሰን ፈጠን ብሎ። "በእርግጫ የተመታ ማሽን አይነሳም።"

ገመዱን ነቀለች። ከመደርደሪያው ካርቶኑ ያልተከፈተ ፓወር ሰፕላይ አውርዳ፣ በአሮጌው ቦታ አሰረችው። እንደገና ተጫነች። ቬንትሌተሩ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ማሽኑ አጭር አጭር ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ፓልማሬስ።

"ራሙን፣ የማስታወሻ ሰሌዳውን፣ አላገኘሁትም እያለ ነው። ሲመታ ከቦታው ተናውጧል። ሰር ክሪሳንቶ፣ 'ማሽኑ የሚያመውን ይነግርሻል፣ ኢንዳይ ልጄ፤ ብቻ አትቸኩይ' ይሉኝ ነበር።"

አጥፍታ ነቀለችው። ሁለቱን የራም ሰሌዳዎች አወጣች። ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ጠረገች። አንዱን ብቻ መልሳ፣ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫነችው።

ስክሪኑ በራ።

ኔልሰን ከጠረጴዛው ላይ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳና ወደ ማሽኑ ተወረወረ። ሮዌና በደረቷ ሸፈነችው። ካቻቢቴው ትከሻዋ ውስጥ ገባ። ነቀለው። ደግሞ ወጋት። ፓልማሬስ ከኋላ ጉልበቱን በእርግጫ መታው፤ ጸጉሩን ይዞ ፊቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። የኔልሰን አፍንጫ ተደረመሰ። ካቻቢቴውን ግን አልለቀቀም። ወጣቱ ፖሊስ አንጓውን ጠምዝዞ ሲሰብረው ብቻ ብረቱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሮዌና ከማሽኑ ላይ አልተነሳችም። ደሟ በክንዷ እየወረደ ይንጠባጠባል።

"ገመዱን እንዳትነቅሉት" አለች ድምጿ እየደከመ። "መጀመሪያ ቅጂውን ውሰዱ።"

ምስሉ ድምፅ የለውም። ኔልሰን በጉልበቱ ተንበርክኮ ይለምናል። ክሪሳንቶ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ለትምህርት የፈታውን ሌላ ሳጥን መግጠም ይጀምራል። ኔልሰን ከመደርደሪያው አንድ ፓወር ሰፕላይ በሽቦዎቹ አንጠልጥሎ ያነሳል። ያወዛውዘዋል። ክሪሳንቶ ይወድቃል። ኔልሰን አያቆምም።

ማታውን ኔልሰን በታሸገ አፍንጫው እያጉረመረመ ቃሉን ሰጠ።

"ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ሰዉ ዕቃውን እየመለሰ አስቸገረኝ" አለ። "ሽቦ ሳስርበት መመለስ አቆሙ።"

"ሰው ተቃጠለ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ከእኔ ዕቃ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም ነበር። ክሪሳንቶ እንደ ወንድሜ ነው፤ ዝም በልልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ጀርባውን ሰጠኝ። ሃያ ዓመት አብሮኝ በልቶ ጀርባውን ሰጠኝ።"

"ሽቦ ያሰርክበትን ለማን ለማን ሸጥክ?"

ኔልሰን ትከሻውን ሰበቀ። "ለመጣ ሁሉ። ከተማው ሙሉ።"

ሐኪሞቹ ሮዌናን ተኝተሽ ቆዪ ቢሏትም ክንዷን በፋሻ አንጠልጥላ ወጣች። ፓልማሬስ በመኪናው ከኔልሰን ዕቃ ወደገዛ አንድ የጃሮ ሰፈር ጨዋታ ቤት ወሰዳት። ቤቱ በተጫዋቾች ጢም ብሏል። ሮዌና ቀጥ ብላ ገብታ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችው። ስክሪኖቹ ሁሉ ጨለሙ። ቤቱ በእርግማን ተሞላ።

"ምን አደረግንሽ፣ ማናንግ፣ እህቴ?" አለ ባለቤቱ። "እንጀራችን እኮ ነው።"

ሮዌና አንዱን ኮምፒውተር ከሶኬቱ ነቅላ ጎኑን ከፈተች፤ ሳጥኑን አወጣች፤ በአንድ እጇ እየታገለች ክዳኑን ፈታችው። ፓልማሬስ በስልኩ መብራት አበራላት።

ሽቦዋ እዚያው ነበረች። ዙሪያዋ ጠቁሯል።

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየና አፉን በእጁ ያዘ። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ከወንበራቸው ተነሱ። ከኋላቸው ገና ያልተከፈቱ ኮምፒውተሮች እስከ ግድግዳው ተደርድረዋል።

"በአንድ እጅሽ አትዘልቂውም" አለ ፓልማሬስ። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ከጎኗ ተንበረከከ። "አሳይኝ።"

ሮዌና ካቻቢቴውን አቀበለችው።

"መጀመሪያ ከሶኬቱ ይንቀሉት" አለችው። "ነቅለውም ትንሽ ይጠብቁ፣ ሳጅን። ውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክም ሰው ይገድላል።"