መቀርቀሪያው በእኛ በኩል ነበር

ይህን የምጽፈው ታንጉት ስለፈቀደችልኝ ነው።

«ጻፊው» አለችኝ። «አብዳለች የሚል ይበል። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።»

ከታንጉት ጋር እዚህ አሽዶድ ውስጥ፣ አዛውንቶች በሚጦሩበት አንድ ቤት አቮት፣ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ነገር ስታጋንን ሰምቻት አላውቅም። ልጇ ሆዲያም ያን ዕለት አብራት ነበረች። ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ።

የነገሩኝ አንድ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ባለፈው መስከረም። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ገደማ። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፣ ሰው ይስቃል፣ አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቃል...

ቦታው ጎላን ነው። የአንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ምድር ቤት ውስጥ።

የታንጉት ልጅ ኢታማር ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የውትድርና አገልግሎቱን ሲጨርስ ትንሽ ብር ላጠራቅም ብሎ ለወይን ለቀማ ወደ ጎላን ወጣ። የወይን ጠጅ የሚጠመቅበትን ቦታ እዚህ «የቀብ» እንለዋለን። አንዱ የቀብ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ሠራ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የለም።

ልብሱ ተገኘ። ጫማው ተገኘ። እሱና ስልኩ አልተገኙም።

ፖሊስ ፈለገ፣ ውሻ አመጣ፣ ሄሊኮፕተር አስነሳ። ከዚያ ወሩ አለፈ፣ ክረምቱም መጣ፣ ስልክ የሚያነሳላት ሰው ጠፋ። ሁለት ጊዜ ራሷ እዚያ ድረስ ሄዳ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ከበር መለሷት።

ባሏ ማሐሪ ወደብ ላይ ሲሠራ ወገቡን ተጎድቶ ቤት የዋለ ሰው ነው። ልጁ ከጠፋ ወዲህ ዝም አለ። ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ማየት ብቻ ሆነ ሥራው።

ታንጉት ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆና፣ በጠፋው ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ትልክለታለች።

«ልጄ፣ በላህ ወይ? ብርዱ እንዴት ነው? እኔ እንደሆነ እህል አይወርድልኝም...»

አንድ ዓመት ሙሉ። በየቀኑ።

አንድ ቀን ሮቫ ሄ ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየች። «በእሳተ ገሞራ ምድር የወይን ጉብኝት። ሦስት የቀብ በአንድ ቀን።» ሦስተኛው ኢታማር የሠራበት ነው።

እናት ሆና ከበር መልሰዋታል። ጎብኚ ሆና ብትመጣስ?

ለራሷና ለሆዲያ ተመዘገበች። ለምን እንደምትሄድ ለማንም አልተናገረችም።

የመጀመሪያው የቀብ ላይ ምንም የለም። አስጎብኚው፣ ጋቢ የሚባል ወፍራም ሰው፣ ጥቁሩን ድንጋይ እያሳየ ያወራል። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ ነበር፣ ድንጋዩ የቀዘቀዘ እሳት ነው፣ ውስጡ ባዶ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው አለ። ሰው ይቀምሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ታንጉት የኢታማርን ፎቶ ይዛ ከለቃሚ ለቃሚ ትዞራለች።

የሚያውቀው የለም።

ሁለተኛው ላይ ወይን የምትቀዳ ሴት ነበረች። ሾሻና ትባላለች። ፎቶውን ተቀብላ አየችው...

«አዎ» አለች።

ታንጉት ጠጋ አለቻት።

«አዎ ምን?»

«አውቀዋለሁ። እዚህ ታች ያለው የቀብ ግቢ ውስጥ ነው። እሁድ ዕለት አይቼዋለሁ።»

«የዛሬ ዓመት?»

«ኧረ አሁን። ያለፈው እሁድ። ከትናንት ወዲያ... አይ፣ እሁድ ነው።»

ሆዲያ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እርግጠኛ ነሽ? ምን አለሽ?»

ሾሻና ትንሽ አሰበች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምንም አላለኝም። ሻሎም ስለው ሻሎም አለ። እንዴት ነህ ስለው እንዴት ነህ አለ። ያልኩትን ሁሉ መልሶ ይለዋል። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ተናድጄ ሄድኩ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች።

«ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር የቆመው። እንዴት እንዳወቅሁት እንኳ እንጃ... ግን እሱ ነው።»

ታንጉት የሰማችው «እሱ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር።

ወደ ሦስተኛው እስኪደርሱ አውቶቡሱ የሚንቀሳቀስ አልመሰላትም።

ሦስተኛው የቀብ ምድር ቤቱ ከጥቁሩ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ኤሊኦር የሚባል ወጣት ሠራተኛ መብራት አበራላቸው። ጋቢ ከፊት ሆኖ በዕብራይስጥ ጮኸ።

«ወዳጆች፣ ተጠጉ! ጭንቅላታችሁን... እህ... ጭንቅላታችሁን ጠብቁ!»

መሃል ላይ ሳል ያዘው።

ግራና ቀኝ በርሜል ተደርድሯል። ብርድ ነው። ከመጨረሻው በርሜል ኋላ ዝገት የበላው የብረት በር አለ። ከሥሩ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት።

«እዚያ ውስጥ ምንድን ነው?» አለች ታንጉት።

«ምንም» አለ ኤሊኦር። «ባዶ ድንጋይ ነው።»

ሲመልስላት ግን በሩን አላየውም። እዚያ እስከነበሩ ድረስ አንዴም አላየውም።

ሰዉ ሊቀምስ ወደ ላይ ወጣ። ሆዲያም እናቷ ከፊት የሄደች መስሏት ወጣች።

ታንጉት ብቻዋን ቀረች።

ለምን እንደቀረች ስጠይቃት፣ «እግሬ እንቢ አለኝ» ነው ያለችኝ።

ጸጥ አለ...

«እማየ።»

ከበሩ ሥር ነው የመጣው።

የኢታማር ድምፅ ነው። እናት የልጇን ድምፅ አትስትም።

«ኢታማር?... አንተ ነህ ልጄ?»

«በላሽ ወይ?»

መሬት ላይ በሆዷ ተኛች። ጉንጭዋን ድንጋዩ ላይ አድርጋ በክፍተቱ ለማየት ሞከረች። ጥቁር ነው።

«የት ነበርክ? ኧረ የት ነበርክ?»

«ብርዱ እንዴት ነው?» አለ ድምፁ። «እኔ እንደሆነ እህል አይወርድልኝም...»

እያለቀሰች እጇን በክፍተቱ ሰደደችው።

ያዛት።

ለብ ያለ፣ ለስላሳ እጅ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሳቸው። እሷም ዳበሰችው። አውራ ጣቱን... ሌባ ጣቱን... የመሃል ጣቱን...

ጥፍር የለውም።

አንዱም ጣት ላይ ጥፍር የለም።

ያን ጊዜ ነው ሌላውም ነገር የመጣላት። ኢታማር አሽዶድ የተወለደ ልጅ ነው። አማርኛው ከአሥር ቃል አይበልጥም። አንድ ቀን እንኳ «እማየ» ብሏት አያውቅም፤ «ኢማ» ነው የሚላት።

ይህ ግን የሷን አማርኛ ነው የሚናገረው። በአውቶቡስ ውስጥ የተናገረችውን። ቃል በቃል።

«ልጄ» አለች። «እስቲ በዕብራይስጥ ተናገረኝ።»

ዝም አለ።

እጇን ግን አልለቀቀም።

ጣቶቿን እንደገና ዳበሳቸው... የሚያስብ ይመስል...

«ወዳጆች፣ ተጠጉ» አላት በዕብራይስጥ። «ጭንቅላታችሁን... እህ... ጭንቅላታችሁን ጠብቁ።»

የጋቢ ድምፅ ነበር። ሳሉ ሳይቀር።

አሁን የምነግራችሁን ታንጉት ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም።

እሱ እንዳልሆነ አወቀች። በደንብ አወቀች። እጇን ጎትታ አወጣች፣ ተነሳች...

የበሩን መቀርቀሪያ መሳብ ጀመረች።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ድምፁ እኮ የሱ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ትቼው ልውጣ?»

መቀርቀሪያው ዝጓል። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። ግማሽ ድረስ ወጣ። ከውስጥ «እማየ... እማየ...» ይላል፤ እየፈጠነ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ።

«ኢማ! ምን እየሠራሽ ነው?»

ሆዲያ ናት። ሮጣ መጥታ እጇን ያዘች።

«ልቀቂኝ! ወንድምሽ ነው!»

ሆዲያ አዳመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከበሩ ሥር፣ በኢታማር ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

«ልቀቂኝ» አለ። «ወንድምሽ ነው።»

ሆዲያ መቀርቀሪያውን በእግሯ መትታ መለሰችው። እናቷን እየጎተተች አወጣቻት።

ፖሊስ በዚያው ዕለት መጣ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ የልብስ ቁም ሳጥን የምታህል ጉድጓድ ናት። በሦስት ጎኗ ድፍን ድንጋይ። ሰው አልነበረም። መውጫም የለም። መርማሪው ታንጉትን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ሐዘን ብዙ ነገር ያሰማል አላት።

ሲመለሱ ሆዲያ አንድ ነገር ለመነቻት። «ኢማ፣ ለአባ አትንገሪው።»

ነገረችው። አርባ ዓመት በትዳር አብራው የኖረችውን ሰው እንዴት ትደብቀዋለች?

ማሐሪ በረንዳው ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። አላለቀሰም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

«በእኛ በኩል» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ አልጋው ባዶ ነው። ስልኩን ትቶ ሄዷል። ሆዲያ ፖሊስ ጋ ደወለች፣ የየቀቡን ሰዎች ጠየቀች። አላየነውም አሉ። ኤሊኦርም ሥራ ላይ የለም፤ ረቡዕ ዕለት ወጥቶ አልተመለሰም አሏት።

ሐሙስ ዋለ። አደረ።

ዓርብ፣ ከሰንበት መግቢያ በፊት፣ ፀሐይ ገና ሳሎኑ ውስጥ እያለች፣ ታንጉት የቁልፍ ድምፅ ሰማች።

ማሐሪ ነው። ልብሱ አቧራ ለብሷል። እጆቹ ዝገት በዝገት ሆነዋል። ወገቡን እየያዘ ገባ። ከዓመት ወዲህ ፈገግ ሲል አይታው አታውቅም።

ፈገግ ብሏል።

ገባ እንጂ በሩን አልዘጋም። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፣ በሩን በእጁ ደግፎ ያዘው፣ ወደ ደረጃው እያየ ቆመ።

«ግባ» አለ በለሆሳስ። «ግባ፣ ቤትህ ነው።»

ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም።

ማሐሪ ጠበቀ... ዓይኑ አንድ ነገር እየተከተለ ከደረጃው ወደ ደጁ፣ ከደጁ ወደ ውስጥ መጣ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ታንጉት ጠባቧ መተላለፊያ ላይ፣ መሃል ቆማለች።

ባሏን አየችው። ከፊቷ ያለውን ባዶ ቦታ አየችው።

ከዚያ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች... እግሯን ሰበሰበች...

መንገድ ለቀቀችለት።