ያልነቀዘው ባቄላ

ለክቡራን አንባብያን በታላቅ ደስታ እናበስራለን፦ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የችግኝ ጣቢያ፣ ተራራውን ያለብሳል ሕዝቡንም ያጠግባል የተባለለት የባቄላ ዛፍ ፍሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በይፋ ተቀምሷል። ሪባኑ የተቆረጠው በድስቱ ክዳን ላይ ነበር።

ከቀማሾቹ አንዱ፣ ዘበኛው አሮን፣ በማግስቱ ሞተ። ሌሎቹ ለፎቶ ያህል አንዳንድ ማንኪያ ቀምሰው ሆዳቸውን ታመው ዳኑ። እሱ ግን ሚስቱ የሠራችው ሲተርፍ ማየት ስላልሆነለት ደግሞ በላ። ሚስቱ ወርቂቱ «መርዘሽዋል» ተብላ ተያዘች። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ካልተፈታች አትደርስም።

ኢንስፔክተር አገርነሽ ከድስቱ የተረፈውን ፍሬ መዳፏ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አገላበጠች።

«ባቄላውን ከየት አመጣሽው?»

«ስገባ ታጥቦ በሳፋ ተቀምጦ አገኘሁት» አለች ወርቂቱ። «ማቴዎስ ያዘጋጀው መስሎኝ ጣድኩት።»

ችግኝ አፍዪው ማቴዎስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አይደለሁም። የሚበላው ጆንያ ውስጥ ነው፤ እሱንም ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል። የሚዘራው ቀይ የተባይ መድኃኒት ታሽቶ መጋዘን ተቆልፎበታል። ቁልፉ እኔና ጋሽ ሽመክት ጋ ብቻ ነው።»

«ቀምሰሃል?»

«ሆዴ እስካሁን መቼ ተመለሰ፣ እትዬ።»

ኃላፊው አቶ ሽመክት ክራባታቸውን አስተካከሉ። «እኔስ ጾም ላይ ነበርኩ።»

አገርነሽ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ድስቱ ውስጥ ነቀዝ የበሳው አንድ ፍሬ የለም። ስለዚህ ከጆንያው አልመጣም። ቀለሙ የታጠበ ዘር ነው። ወርቂቱ የመጋዘን ቁልፍ የላትም። ማቴዎስ አለው፤ መርዝ መሆኑን ቢያውቅ ግን አይቀምስም። እርስዎ ጾም ነው አሉ፤ የጣቢያው ሰው ጴንጤ ነውና የጾሙን ሥርዓት ስለማያውቅ አክብሮ ተቀበለዎት። እኔ ግን ጿሚ ነኝ። በዘይት የተሠራ ባቄላ፣ ያውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሚከለክል ጾም አላውቅም።»

አቶ ሽመክት መሬት መሬት አዩ። «እንግዳ ጠርቼ ነቀዝ ላብላ? ቀለሙ እስኪለቅ አጥቤዋለሁ።»

«ለራስዎ ግን አላመኑትም።»

ወርቂቱን ፈቷት። መንገዱ ወደ ቀብሩ ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያ አቶ ሽመክት ፊት መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ አሮን ሁለተኛ ሲያስጨምር አጠገቡ ነበሩ። ለምን አላስጣሉትም?»

«አልናገርም» አሉ።