በደረቀው ቦኖ ሥር

የሽብሩ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ ማለዳ በታች ሰፈር ቦኖ ሥር ነው። ቦኖው ከክረምት ወዲህ አንዲት ጠብታ ወጥቶት አያውቅም። ሽብሩ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ በድንጋይ ተፈንክቶ ነበር። የከተማይቱ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ከፈለኝ ሬሳውን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ አየና «ሐሙስ ገበያ ላይ የተጣላውን ሙሉካን አምጡልኝ» አለ። ጤዛው ሳይረግፍ ሙሉካ ታሰረ፤ ረፋድ ላይ ተገረፈ።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ በኅዳር፣ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለችው በገላሎ ከተማ ነው። ሽብሩ የማዘጋጃ ቤቱ አስተርጓሚ ነበር። የታች ሰፈር ሰው አቤቱታውን በጌዴኦኛ ያሰማል፤ ሽብሩ ለሹሙ ባማርኛ ይነግራል። የሚነግረው ግን ግማሹን ነበር። «ልጆቻችን በወንዝ ውሃ አለቁ» ሲሉት «ውሃ ቢጨመርልን ይላሉ» ይላል። «ፖሊሱ ከላይ ሰፈር ቧንቧ ቀዳችሁ ብሎ ገረፈን» ሲሉት «ስለ ጸጥታው ያመሰግናሉ» ይላል። ሰኞ የአውራጃው ገዥ ተወካይ መጥተው የነዋሪውን ብሶት ሊሰሙ ተቀጥሮ ሳለ ነው የሞተው።

መርማሪው መቶ አለቃ ወንድይፍራው ከዲላ የደረሰው ቀትር ላይ ነው። ኮንጋ የተወለደ የጌዴኦ ገበሬ ልጅ ነው፤ ይህን ስሙን ያወጣለት «ያንተ ስም ለመዝገብ አይመችም» ያለው የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። የሚያውቁት ሰዎች በሹክሹክታ መናገር ሲጀምር ዞር ይሉለታል።

ሬሳው ላይ የተጣለውን ሰሌን ገለጠና በርከክ አለ። አቧራው ደርቆ ይበናል፤ የሽብሩ ኮት ግን ብብቱና ስፌቱ ገና እርጥብ ነበር። ከተፈነከተው ማጅራት የወረደ ደም አልነበረም። ጥፍሮቹ ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ተሰግስጓል። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ድሬሰር ኃይለኢየሱስ ሬሳውን ገልብጦ ደረቱን ሲጫነው ካፉና ካፍንጫው ውሃ ወጣ።

«ሰምጦ ነው የሞተው» አለ ድሬሰሩ።

«ምን ያወራል ይሄ!» አለ ከፈለኝ። «ቦኖው ደረቅ ነው! የተመታበት ድንጋይ ይኸውና!»

«ድንጋዩ ላይ ደም ይታይሃል?» አለ ወንድይፍራው። «ከሞተ በኋላ ነው የተመታው። እኛ እዚህ ቆመን ድንጋይ እንድናይ።»

ከቦኖው እስከ ጋራው ቅርብ ነው። በአቧራው ላይ አንድ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ መስመሩን ጥሎ፣ ጋራው ላይ የከተማይቱ የሲሚንቶ ውሃ ጋን ወዳለበት ቤት ይወጣል። ወንድይፍራው መስመሩን ተከትሎ ወጣ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አልተሰበረም። የቀን ጠባቂው እንደነገረው መክፈቻው ሦስት ቦታ ነበር፤ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ፣ አንዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘንድ፣ አንዱ ደግሞ ላይ ሰፈር ሆቴል ካላቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ ዘንድ።

የጣቢያውን መክፈቻ አስመጥቶ ገባና የጋኑን ክዳን አነሳ። በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ዝልግልግ በአራት ጣት ወደ ታች ተቧጥጧል። ሌላ ቦታም እንዲሁ፤ ሌላም ቦታ። ሰውየው መውጫ ፍለጋ ዙሪያውን ቧጥጧል። ከላይ ክዳኑን የያዘበት ሰው ነበረ ማለት ነው።

ወደ ታች ሰፈር የሚወርደውን የቧንቧ መዝጊያ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው። ቅባት የጠጣ ነበርና እሺ ብሎ ዞረ። «ተሰብሯል» ተብሎ ሰው ሲለማመንበት የከረመው ይህ ነው። ወዲያው መልሶ ዘጋው፤ ሬሳ ያደረበትን ውሃ ለነዚያ ሰዎች አይለቅም።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ወረደ። ሙሉካ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሽበታም ቡና ገበሬ ነው፤ ሸሚዙ ከጀርባው ቁስል ጋር ተጣብቋል።

«ቃሉን ለምን አልተቀበልክም?» ሲል ወንድይፍራው ከፈለኝን ጠየቀ።

«በምን ቋንቋ? አስተርጓሚው ሞቷል።»

«ግርፊያውስ በምን ቋንቋ ነበር?»

ወንድይፍራው ከፈለኝን ከክፍሉ አስወጣውና ጎንበስ ብሎ በጌዴኦኛ «አባባ፣ ከሽብሩ ጋር የተጣላችሁት በምን ነበር?» አለ።

«ሐሙስ ገበያ መሀል ሰደብኩት። ምላሳችንን ሸጥክ አልኩት። አርብ ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ጠራኝ። "ሰኞ አንዲት ቃል አላስቀርም" አለኝ። "ቧንቧው አልተሰበረም፤ ማን እንደዘጋውም በሰው ፊት እናገራለሁ" አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ታረቅን።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«መች ጊዜ አገኘሁና! ከዚያ ቤቴ ገባሁ፤ ጠዋት እነዚህ መጡ።»

«ስትነጋገሩ ማን ሰማችሁ?»

«ማን ይሰማናል? ሹሙና ሃምሳ አለቃው፣ የሆቴሏም ሴትዮ እዚያው ተቀምጠው ቢራ ይጠጡ ነበር። እነሱ እንደሆኑ የኛን ቋንቋ አያውቁም።»

ወይዘሮ የትምወርቅ መርማሪውን የተቀበሉት እየተቆጡ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ውሃው ደፍርሶ ነው የመጣው! እንግዶቼ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሄዱ። ለሀብተ ጊዮርጊስ ብነግረው "ምንም አይልም፣ ጠጡት" አለኝ።»

«የጋን ቤቱ መክፈቻ የት ነው?»

ከአንገታቸው ክር ላይ አውጥተው አሳዩት። «እኔ እንደሆንኩ ጋራውን ከወጣሁ ዘመን የለኝም። ጉልበቴን ያመኛል።»

«አቶ ሀብተ ጊዮርጊስን ድሮም ያውቋቸዋል?»

«ከልጅነቱ! አባቱ እዚሁ ቅርብ፣ ወርቃ ላይ መሬት ነበራቸው። እዚያው ነው የገበሬዎቹ ሴቶች አዝለው ያሳደጉት።»

ወንድይፍራው የሴትዮዋን አቤቱታ ሰበብ አድርጎ የጋኑ ውሃ ተደፍቶ ጋኑ እንዲታጠብና ከምንጩ እንደገና እንዲሞላ አዘዘ። እውነተኛውን ምክንያት ያወቁት እሱና ድሬሰሩ ብቻ ናቸው።

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ በቢሯቸው ሆነው ወንበር ሳቡለት። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም እጃቸውም።

«አርብ እሱና ሙሉካ ሲያወሩ አይቻለሁ፤ ምን እንደተባባሉ ግን በምን አውቄው? አሥር ዓመት እዚህ ተሹሜ ስኖር "ደህና ዋልክ" ማለት እንኳ አልተማርኩም። ያ ምስኪን ነበር ጆሮዬ።»

«ሙሉካ የገደለው ይመስልዎታል?»

«ሌላ ማን? ታረቅን ቢልህ አትመነው፣ ልጄ። ሰኞ አንዲት ቃል አላስቀርም ስላለው ብቻ፣ አሥር ዓመት ያሞኘውን ሰው በአንድ ቀን ይቅር ይላል?»

«ልክ ነው» አለ ወንድይፍራው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሹሙ ለመስማት ጆሯቸውን ማስጠጋት ነበረባቸው።

እሑድ ወንዙ ዳር የሹሙን ወጥ ቤት ሀጅራን አገኛት። እንስራ አዝላለች።

«እናንተ ቤት ቧንቧ የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ። ሌሊት ሌሊት በርሜሉን ሲሞላ ያድራል። ጋሼ ግን ከትናንት ጀምሮ እሱን እንዳትነኪ፣ ከወንዝ አምጪልኝ አሉ።»

«ደፈረሰ ብለው ነው?»

«ኧረ ማን ሳያየው! ገና ሳይነጋ ቀስቅሰው ነው የላኩኝ። የሽብሩን ሞት እንኳ የሰማሁት እዚሁ ወንዝ ዳር ነው።»

ከወንዙ ሲመለስ የሽብሩ ሚስት ማንጠግቦሽ ቤት ገባ። ለቅሶ የደረሳት ሰው ጥቂት ነው፤ የከዳተኛ ሚስት እያሉ ሲተፉባት የኖሩ ጎረቤቶቿ በሩቁ ያያሉ። ወንድይፍራው ያየውንና የሰማውን ሁሉ ነገራት። አላለቀሰችም። «ነገ ስብሰባው ላይ እኔም እገባለሁ» አለች።

ሰኞ የስብሰባው አዳራሽ ጢም አለ። የላይ ሰፈር ሰዎች ወንበር ላይ፣ የታች ሰፈር ሰዎች ከኋላ ቆመው፣ የተረፉት በመስኮት ተንጠልጥለው። የገዥው ተወካይ ቀኛዝማች ወልደዮሐንስ መሀል ላይ፣ በቀኛቸው አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በግራቸው ከፈለኝና ወይዘሮ የትምወርቅ ተቀምጠዋል። በሹሙ ፊት ከቤታቸው የመጣ ውሃ በብርጭቆ ተቀድቷል። ወንድይፍራው ሙሉካን ይዞ ገባና ፈቃድ ጠይቆ ቆመ። እሱ ባማርኛ የሚለውን ከኋላ ማንጠግቦሽ በጌዴኦኛ ለቆሙት ታስተላልፍ ነበር።

«ሽብሩ ቦኖው ሥር አልሞተም። ልብሱ እርጥብ፣ ሳንባው ውሃ፣ ጥፍሩ የውሃ ጋን ዝልግልግ የሞላበት ነበር። ላይ ሰፈር የሚጠጣው ጋን ውስጥ ተገፍትሮ፣ ክዳን ተዘግቶበት ሰመጠ። ከዚያ በጋሪ ወርዶ፣ ሬሳው በድንጋይ ተመትቶ፣ ከሙሉካ ሰፈር ተጣለ።»

ወይዘሮ የትምወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ጋን ቤቱ በመክፈቻ ነው የተከፈተው። መክፈቻ ያላቸው ሦስቱ እዚህ ተቀምጠዋል። ሦስቱም አርብ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሽብሩ እውነቱን ሊናገር መቁረጡን ግን በጌዴኦኛ ነው የተናገረው። ስለዚህ ገዳዩ ያንን ቋንቋ የሰማ ሰው ነው።»

«እኔ አልሰማም!» አለ ከፈለኝ ብድግ ብሎ።

«አንተ አልሰማህም፤ ሳትሰማ ነው ሰው የምትገርፈው። ያንተን ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ ተቀመጥ። ወይዘሮ የትምወርቅም ሬሳ መኖሩን ቢያውቁ ያንን ውሃ ለእንግዶቻቸው ባላቀረቡ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን "አንዲት ቃል አላስቀርም" የሚለውን የሽብሩን ቃል ለእኔ ደገሙልኝ። ሙሉካ ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። ደግሞም ውሃው መደፍረሱን ሰው ሳያይ፣ ሬሳው መገኘቱ ሳይሰማ፣ የቤት ሠራተኛቸውን ቀስቅሰው ወንዝ ላኩ። ቧንቧ በቤቱ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ከቧንቧው ለምን ይሸሻል?»

ሹሙ ፈገግ አሉ። «ቀኛዝማች፣ ይህ ልጅ ደክሞታል። ቋንቋቸውን እንደማላውቅ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምስክሬ ነው። አሥር ዓመት ያላስተርጓሚ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም!» አሉና ብርጭቆውን አንስተው ተጎነጩ።

ማንጠግቦሽ ከኋላ ወደ ፊት መጣች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ በጌዴኦኛ ተናገረች።

«ሀጅራ ዛሬ ወንዝ አልወረደችም። የምትጠጣው ከጓዳህ በርሜል የተቀዳ ነው፤ ባሌ ጋኑ ውስጥ ባደረበት ሌሊት ከሞላው።»

ቀኛዝማቹ ምንም አልገባቸውም። ከፈለኝም፣ ወይዘሮ የትምወርቅም አልገባቸውም፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የያዙትን ውሃ ጠረጴዛው ላይ ተፉት። ብርጭቆው ከእጃቸው ወድቆ ተሰበረ፤ ጎንበስ ብለው ጉሮሯቸው እስኪደማ አስመለሱ።

ማንጠግቦሽ ወደ ቀኛዝማቹ ዞራ ባማርኛ ተናገረች። «ውሸቴን ነው፤ የወንዝ ውሃ ነው። ምን እንዳልኩት እሱን ይጠይቁት። ሰምቶኛል።»

ከኋላ የቆሙት መጀመሪያ የገባቸው ግድያው አልነበረም። አሥሩ ዓመት ነበር የገባቸው። ጸሐይ የምትባል አንዲት ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች።

«ልጄ በተቅማጥ የሞተ ጊዜ እግርህ ሥር ወድቄ አለቀስኩ» አለች በራሷ ቋንቋ። «አንተ አዛጋህና ሽብሩን "ምን ትላለች?" አልከው። ሰምተኸኝ ነበር! ሁሉን ሰምተኸኝ ነበር!»

ሹሙ አንገታቸውን አላቀኑም። «ዝም በል ብዬ ለምኜው ነበር» አሉ። «ለላይ ሰፈር እንዲበቃ የዘጋሁትን ቧንቧ አብረን እንክፈት ብዬ ወሰድኩት። እዚያም ሆኖ እናገራለሁ አለ። አሥር ዓመት ዝም ብሎ እንጀራዬን በልቶ...»

ነገራቸውን የሚያስጨርስ ሰው አልነበረም። ወንበር ተገለበጠ፤ በመስኮቱ ያሉት ዘለው ገቡ። ወንድይፍራው በሹሙና በሕዝቡ መካከል ቆሞ በጌዴኦኛ ጮኸ። ሲጮህ ያየው ሰው ያን ዕለት ብቻ ነው። «አትንኩት! ብትነኩት ነገ የሚገረፈው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ!» ሰዉ እያጉረመረመ ቆመ። ወንድይፍራው የሹሙን እጅ አሰረ። ቀጥሎ ከፈለኝ ፊት ሄዶ ቀበቶውንና ሽጉጡን ፈታ። «ያልጠየቅከውን ሰው ስለገረፍክ ዲላ ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለው፣ በሹክሹክታ።

ቀኛዝማች ወልደዮሐንስ ኮፍያቸውን አነሱ። «እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር ከተፈጠረ ስብሰባውን ለሌላ ቀን...» እያሉ ወደ በሩ ሲያመሩ የታች ሰፈር ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ማንም አልነካቸውም፤ ማንም ግን መንገድ አልለቀቀላቸውም። ሙሉካ የቆሰለ ጀርባውን ለማቅናት እየታገለ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላሉ?» አሉ ቀኛዝማቹ። ዙሪያቸውን ቃኙ። «ማን ነው የሚተረጉምልኝ?»

«እኔ» አለች ማንጠግቦሽ። «ተቀመጥ ነው የሚለው።»

ቀኛዝማቹ የሴትዮዋን ፊት አዩ፤ በሩን አዩ። ከዚያ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ተቀመጡ።