ከውሃው በታች ያሉት

የግራና ሸለቆ ምስል ከነተራራው በግድግዳው ላይ ሲዞር፣ መርሳ ከተማ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ምስሉን የሠራው ናስር ነው፤ የካርታ መረጃ ወስዶ ተራራውን ተራራ፣ ገደሉን ገደል አድርጎ ኮምፒውተር ላይ የሚያቆም የወልድያ ልጅ። መረጃውን አብሬው የሰበሰብኩት ደግሞ እኔ ነሲባ ነኝ። የግራና ልጅ ስለሆንኩ የቦታ መለኪያውን ጂፒኤስ ይዤ ከደጅ ደጅ ስዞር ከረምኩ። የተዋደድነውም እዚያው ነው። አንድ ቀን ማሽላ መሐል እኔ ቁጥር ስጠራ እሱ ሲመዘግብ ድንገት እጁ ቆመ። ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ደግሜ ልጥራው?»

«ጥሪው» አለ። «ድምፅሽን ስሰማ ቁጥሩ አመለጠኝ።»

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ያቃጠለኝ።

ሊሠራ የታሰበው ግድብ ውሃ ምስሉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተኛ። ውሃው የተኛበት ቦታ ግን አንድም ቤት የለበትም። እናቴ ያረፈችበት የመንደራችን መቃብርም የለም፤ አረንጓዴ ሜዳ ሆኗል። ቤቱንም መቃብሩንም በእጄ መዝግቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ሆነው «ማሻአላህ» ይላሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እሺታቸውን ሊሰጡ ነው፤ ምን እንደሚሰጡ ሳያውቁ።

ናስርን ደጅ ጠራሁት።

«እናቴን የት አደረግካት?»

አቀረቀረ። «አለቃዬ ነው። ‹ሰው ሲያይ ቅር እንዳይለው ቤቱንና መቃብሩን አንሣው› አለኝ። መረጃው አለ፣ ነሲባ። ደብቄው ነው እንጂ።»

«የደበቀው የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ እልካለሁ ያልከውን ተወው። ዛሬ እናቴን የደበቀ ሰው ነገ እኔን የት እንደሚያደርገኝ አላውቅም።»

ስልኩን ማንሳት አቆምኩ። እህቴ ረሂማ «ሥራው ነው፤ ምን ያድርግ?» ብትል እሷንም ተቆጣኋት። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የኔ ግን ጠቦ ነበር። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ እየተናደድኩም መውደዴ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ናስር መድረክ ወጣ። «ያለፈው ምስል ጎዶሎ ነበር። ያጎደልኩትም እኔ ነኝ» አለ። አለቃው ከወንበሩ ሲነሣ ምስሉ ተከፍቶ ነበር። ቤቶቹ ከነአጥራቸው ታዩ፤ ቀጥሎ ቁልቋሉ፣ ከቁልቋሉ ሥር መቃብሮቹ።

ሰማያዊው ውሃ ሊደርስባቸው ሲል አባቴ ብድግ አሉ። በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው እንደሚያደርገው፣ ግድግዳውን እያዩ «አሰላሙ አለይኩም፣ እናንተ የቀብር ሰዎች» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ዱዓ አደረገ። ያን ቀን እሺ ያለ ሰው አልተገኘም፤ ለግድቡ ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ።

ናስርን ወዲያው ከሥራ አባረሩት። ኮምፒውተሩን ተቀብለውት ባዶ እጁን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ይቅር አልሽኝ?»

«አላልኩም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።»

«መቼ ይወጣልሻል?»

አየሁት። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነው፤ ቢሆንም ዓይኑን ከኔ አላሸሸም።

«እንጃ፤ ብዙ ጊዜ ይፈጃል» አልኩት። «ሽማግሌህን ላክና ቤትህ ሆኜ ልናደድብህ።»