ሰባተኛዋ ተሳፋሪ

የዚያ ማኅበር አጥር በስድስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። ግንቡ በቀለም ብዛት ወፍሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በየዓመቱ አንድ ቀን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ስም የታተመበት ካናቴራ ይለብሳሉ፣ አጥሩን ይቀባሉ፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ስለዚህ የማወጣው የሰው ገመና አይደለም፤ የራሴን ነው።

ሥራዬ ስምሪት ነው። የታሸገ ውሃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ሁለት የጭነት መኪኖች በየጠዋቱ ከየት ጀምረው የት እንደሚጨርሱ የምወስነው እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ሰው አያስቀምጥም። ልብላ ስል ስልክ፣ ልተኛ ስል ስልክ። ባለቤቴ "አንተ እኮ ተኝተህም እግርህ ፍሬን ይረግጣል" ትለኛለች። የሰው ኃይል ኃላፊያችን "የፊታችን ሐሙስ ሙሉ ቀን በጎ ፈቃድ ነው" ስትል ደስ ያለኝም ለበጎነቱ ብዬ አልነበረም። አንድ ቀን ሙሉ ስለ መኪና ሳላስብ ልውል ነው ብዬ ነው።

ማኅበሩ የኩላሊት ሕሙማንን የሚረዳ ነው። አንዲት ሚኒባስ አለችው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሰባት ሰዎችን ከየቤታቸው ሰብስባ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ታደርሳለች። ለእነዚህ ሰዎች ማሽኑ ኩላሊታቸው ያቆመውን ሥራ ይሠራላቸዋል። ሰዓቱ ከጎደለባቸው ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል፤ ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባልዲና ብሩሽ ስንከፋፈል፣ ማኅበሩን የሚያስተዳድሩት ጡረታ የወጡ ነርስ መጡ። ሁሉም ሲስተር ይሏቸዋል።

"ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀለሙ ይደርሳል" አሉ። "ከመካከላችሁ ስለ መኪና ስምሪት የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? ሚኒባሳችን በጊዜ ትወጣለች፣ ግን ሁልጊዜ ትዘገይብናለች። ሾፌሩ ሰነፍ አይደለም። ምክንያቱ ጠፍቶናል።"

የሰው ኃይል ኃላፊዋ አየችኝ። እኔ ባልዲውን አየሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

"የዛሬው ፕሮግራማችን ቀለም ነው፣ ሲስተር" አለች እሷም ፈገግ ብላ። "ሌላ ጊዜ በደብዳቤ ብትጠይቁን እናየዋለን።"

ሲስተር አመስግነው ገቡ። አጠገቤ የሚቀባው የድርጅታችን መካኒክ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

"ለምን ዝም አልክ? ያንተ ጉዳይ አይደል እንዴ?"

"ዝም አይነቅዝም። ደግሞ እኔ ዛሬ ከመኪና አርፌያለሁ። በጎ ሥራ ማለት ዝቅ ብሎ በላብ መሥራት ነው። ወረቀት ላይ መሞነጫጨር እማ የደመወዝ ሥራ ነው።"

"ታዲያ ቀለም መቀባት ትችላለህ?"

"አልችልም። ጽድቁስ እሱ አይደል?"

"እንግዲያው ጽድቅህ ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው" አለና እግሩን ሰበሰበ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ቀባሁ። ሁለት ሜትር አይሞላም፤ እሱም ዥንጉርጉር ነበር። ስልኬን ዘግቼ ነበርና እጄ በየደቂቃው ወደ ኪሴ ይሄዳል። ብሩሹን አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሚኒባሷ ሞተር አስነስታ ስትወጣ ሳይ አላስቻለኝም። "ሕሙማኑን ደግፌ ላሳፍር" ብዬ ዘልዬ ገባሁ። አራት ሰዓት ነበር።

ሾፌሩ ነገረኛ አልነበረም። መሪው ፊት ለፊት በላስቲክ የተሸፈነ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ለጥፏል፤ ሰባት ስም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ ነዳና ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው አንድ በር ላይ ቆመ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወጡ። ማኅበሩን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በፊት የታመሙትም እሳቸው ስለሆኑ ሰዉ ሁሉ "ጋሼ ቁጥር አንድ" ይላቸዋል። ክንዳቸውን ልይዝ ስል "ገና አልሞትኩም" ብለው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ሚኒባሷ ለሆስፒታሉ ጀርባዋን ሰጥታ ከተማውን አቋርጣ ከወንዙ ማዶ ሄደች። ሁለተኛውን ይዛ ተመልሳ ሦስተኛውን ከጋሼ ቁጥር አንድ ጎረቤት አነሳች። አራተኛውን ለማንሳት እንደገና ወንዙን ተሻገርን። እኔ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ተቁነጠነጥኩ። አንድ የእኔ ሾፌር እንዲህ ቢነዳ ቁልፉን እቀበለው ነበር።

"ወንድም" አልኩት ሾፌሩን፣ "ምነው ወደፊት ወደኋላ አልክ?"

"ዝርዝሩ ነው። ማኅበሩ ውስጥ በገቡበት ተራ ነው የሚነሱት። ተራ ይከበራል። እኔ መሪ እንጂ ዝርዝር አልይዝም።"

ወንዙን ስንሻገር ከድልድዩ አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ስናልፍ እጇን አውለበለበች። ሾፌሩ በጥሩምባ ሰላም አላት።

"እሷስ?"

"እሷ ሰባተኛ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ተራዋ አልደረሰም።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው በር ፊት እንደገና አለፍን። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አሁንም እጇን አነሳች፤ እጇ ግን ከትከሻዋ በላይ አልሄደም። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ በሦስተኛው ደረስንላት። ደግፌ ሳሳፍራት ክንዷ ላይ የጣቴ ቅርጽ ጎድጉዶ ቀረ። እንደዚያ ያበጠ ክንድ ነክቼ አላውቅም። ትንፋሿ ያጥራታል።

"እኔ እምለው፣ ስናልፍ ለምን አላስቆምሽንም?"

"እንዴ ወንድሜ! ከእኔ በፊት የታመሙ አሉ እኮ" አለችኝ፣ ነውር የጠየቅኳት ይመስል።

ሆስፒታል ስንደርስ ሰባት ከአርባ ሆኗል። ማሽኖቹ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ባዷቸውን ሲጠብቁ ነበር። አሥራ አንድ ሲል ሌሎች ሕሙማን ይገባሉ፤ ያን ጊዜ የጨረሰም ያልጨረሰም ይነቀላል። አንድ ሰው አራት ሰዓት ያስፈልገዋል። ማሽኑ ላይ የምትሰካቸው ነርስ አንድ ናት፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ትፈጃለች። እሷም የምትጠራው በዚያው ዝርዝር ነው። ልብስ ሰፊዋ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ተጠራች። የቀራት ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኳት ነርሷን።

"ሁልጊዜ። ባለፈው ሳምንት ውሃው ሳንባዋ ገብቶ በኦክስጅን ነው ያተረፍናት። በዚህ ከቀጠለች እንጃላት።"

ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻልኩም። ታክሲ ይዤ ወደ ማኅበሩ ስመለስ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ነበር፤ "ጽድቁስ እሱ አይደል?" የሚለው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር ቢሮ ገባሁ።

"ሲስተር፣ ስምሪት አውቃለሁ። ጠዋትም አውቅ ነበር።"

ለምን አልተናገርክም አላሉኝም። ወንበር ሳቡልኝ። የሰባቱን ቤት አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ እኔም ወረቀት ላይ ሳልኩት። ለስድስቱ ቤተሰቦች ደወልን፤ ማን ስንት ደረጃ እንደሚወርድ፣ ማን ቶሎ እንደሚዘጋጅ ጠየቅን። የጋሼን ግን ለኋላ አቆየነው። ከሩቁ ጀምሮ ወደ ሆስፒታሉ እየቀረቡ መምጣት ነው፤ ይህን ማንኛውም የእኔ ክፍል ሠራተኛ ያውቀዋል። ሁለቴ አፈረስኩት፣ ሦስተኛው ላይ ያዘልኝ። አራት ሰዓት የወጣች ሚኒባስ አምስት ከሃምሳ ላይ ሆስፒታል ትገባለች። ሰባተኛው ሰው እንኳ ሙሉ አራት ሰዓቱን ያገኛል። የፈጀብኝ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው።

ሲስተር ወረቀቱን አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ጋሼን መጨረሻ ላይ አደረግካቸው? እሺ አይሉህም፣ ልጄ። ያን ዝርዝር በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔም ልነካው ደፍሬ አላውቅም።"

ያኔ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በበሩ ብቅ አለች። "ና እንጂ፣ ፎቶ ልንነሳ ነው! አውቶቡሱ አይጠብቅህም።"

"ይሂድ" አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሲስተር ጋር ሆስፒታል ደረስን። ሕሙማኑ እየወጡ ነበር። ጋሼ ቁጥር አንድ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋለች። ወረቀቱን አሳየኋቸው።

"አንተ ልጅ፣ ቀለም ቀቢ አይደለህም እንዴ?"

"ነበርኩ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ቀለምህን ቀባ! ይህን ዝርዝር ስናወጣ አንተ የት ነበርክ? ጉልበት ያለው ደካማውን እየገፋ ሲገባ አይቼ ነው ተራ ይከበር ያልኩት። ዛሬ መጥተህ ከፊት አንስተህ ከጭራ ትጥለኛለህ?"

"ጋሼ ይቅደሙ" አለች ልብስ ሰፊዋ ቶሎ ብላ። "እኔ ምንም አልሆንኩም። አያስቀይሟቸው፣ ወንድሜ።"

ልቤ ፈራ። እሳቸው እምቢ ካሉ ማንም ወረቀቱን እንደማይነካው አውቄያለሁ። ብቻ እግሬ አላርፍ ሲል ምላሴም አላርፍ አለ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ማሽኑ ላይ ስንት ሰዓት ቆዩ?"

"አራት። እንደ ሁልጊዜው።"

"ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው። እሷ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከሃያ።"

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። እሳቸው ከሁሉ ቀድመው ተሰክተው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ከኋላቸው ማን መቼ እንደሚገባ አይተው አያውቁም።

"እውነት ነው፣ ልጄ?"

አንገቷን ደፋች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገባሁ ጀምሮ፣ ጋሼ። አራት ወሬ ነው።"

"ለምን አትነግሪኝም?"

"ተራ ነው ብዬ።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እና የምገፋት እኔ ነኛ" አሉ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። "መጨረሻ ላይ ጻፈኝ። በደንብ አጉልተህ።"

ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም፤ ከሾፌሩ ጋር ዞርኩ። ልብስ ሰፊዋን ገና በመጀመሪያው ማለፋችን ጫንናት፤ ግራ ገብቷት "ተሳስታችሁ ይሆናል" ትለን ነበር። ጋሼ በልማዳቸው ከአራት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆመው ኖሮ ሦስት ጊዜ ለሲስተር ደውለው "ረሳችሁኝ እንዴ?" ብለዋል። አምስት ከሃምሳ ሁለት ላይ ሆስፒታሉ በር ገባን። ነርሷ ዝርዝሩን ስትጠራ ጋሼ በከዘራቸው ወለሉን መትተው "መጀመሪያ እሷን!" አሉ። ማታ ልብስ ሰፊዋ ከክፍሉ ስትወጣ "ራበኝ" አለች። ከታመመች ወዲህ ርቧት አያውቅም ነበር። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ወደ ማኅበሩ ስመለስ ሲስተር እስከ ታክሲው ሸኙኝ። እጄን ይዘው አልለቅም አሉ።

"ከእሷ በፊት ሰባተኛዋ አንዲት አስተማሪ ነበረች" አሉኝ። "እሷም ቆማ ትጠብቅ ነበር፣ እሷም አጉረምርማ አታውቅም። ካረፈች አምስት ወሯ ነው። ምነው ልጄ፣ አምና በመጣህልን ኖሮ!"

ወገኖቼ፣ አምና መጥቼ ነበር። ልክ የዛሬ ዓመት፣ ያንኑ ካናቴራ ለብሼ፣ ከበሩ በስተግራ ቆሜ ቀብቻለሁ። ሲስተር መልኬን አልያዙትም፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው ምን መልክ አለው? አምናም ያንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር። አምናም ሰምቼ ነበር። ይህን ለሲስተር ልነግራቸው አፌን ከፍቼ አልሆነልኝም፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

አጥር መቀባት ነውር አይደለም፤ ቀለም የሚያስፈልገው አጥር ይቀባ። ግን የአንድ ቀን በጎ ፈቃድ ስትወጡ ይዛችሁት የሄዳችሁትን ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ምን ቸገራችሁ ብላችሁ ጠይቁ። የተጠየቃችሁትን የምታውቁ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን አውጡ። በየቀኑ የምትሠሩት፣ የሰለቻችሁ፣ "ይሄ እማ ሥራዬ ነው" የምትሉት ነገር ለሌላው ሰው እስትንፋስ ሊሆን ይችላል። እኔ የሰጠሁት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አስተማሪዋ ግን እኔ ዝም ብዬ ከሄድኩበት ቀን በኋላ ሰባት ወር ሙሉ በሯ ላይ ቆማ ጠብቃኛለች።