ወደ ምንታምር የዞሩት

ትርንጎ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ምርምር ጣቢያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምትሠራው አንድ ሥራ ነበር፤ ከቆሮሶ ዓሣ ስንጥብ ላይ፣ ዓሣው ከሚተነፍስበት ከዚያ ቀይ ሥጋ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጥገኛ ትሎችን በመርፌ ጫፍ እያነሳች፣ በመድኃኒት ገድላ፣ በስሱ ቆርጣ፣ ቀለም አጠጥታ መስታወት ላይ ታስቀምጣለች። የትሉ የወንዴ ዘር ሴል እንዴት እንደሚያድግ የምታጠናው ግን ከመጣች አራት ወር ያልሞላት ምንታምር ናት። ዶክተር ልሳነወርቅ ጥናቱንም፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበርም ለእሷ ሰጣት። እንዴት አያንገበግብ!

ሴሎቹ መሃል ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ጭንቅላታቸውን በየአቅጣጫው ወደ ውጭ በትነው ያድጋሉ፤ ሲበስሉ ተላቀው ይሄዳሉ። አንድ ማክሰኞ ትርንጎ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስትል ጭንቅላቶቹ በሙሉ ወደ ግራ ዞረው አየች። መስታወቱን አዞረችው። አሁንም ወደ ግራ። የሞተ፣ የተቆረጠ ነገር በምን አቅሙ ይዞራል? ቀና ብላ ስታይ በግራዋ ምንታምር ተቀምጣ አንገቷን ታካለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ ትርንጎን ግን ቅናት እንደ ቃር አቃጠላት። እኔ ለቅሜ፣ እኔ ቀለም አጠጥቼ፣ ትል እንኳ እሷን ይምረጥ?

ከዚያ ወዲህ በሳሙና ይለቅ የነበረው የዓሣ ሽታ መስኮቱ አካባቢ ተኝቶ የሚውል ሆነ፤ ቧንቧው ተዘግቶም ከዚያው ጥግ ውሃ በቀጭኑ ሲማግ ይሰማል፤ ምንታምርም በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። በሳምንቱ ታማ ቀረች።

ትርንጎ ብርቱካን ይዛ ሄደች፤ እውነቱን ለመናገር ልታዝንላት ሳይሆን ልታያት ነው። መስኮቱ በቀትር ተዘግቶ፣ ወለሉ ረጥቦ፣ ቤቱ የሐይቅ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ምንታምር እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች። ከጆሮዋ በታች፣ በግራም በቀኝም፣ ሻርፑ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ይወርዳል። ደረቷ ግን አይንቀሳቀስም።

«ትርንጎ፣ በናትሽ ወንበሬ ላይ እንዳትቀመጪ» አለች በደከመ ድምፅ።

«እንዴ! ታመሽ እንኳ ወንበሩን ሰሰትሽብኝ?»

«ኧረ ላንቺው ብዬ ነው እህቴ።»

ምቀኛ! አለች ትርንጎ በሆዷ። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ጥናቱን እንዲሰጣት ዶክተሩን ለመነችው። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ እሺ አላት። ስድስት ዓመት የተመኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጎንበስ አለች። ጭንቅላቶቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልነበሩም። ሁሉም ሽቅብ፣ በቀጥታ ወደ ዓይኗ ዞረዋል። በሕይወቷ ማንም እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ እንባዋ መጣ።

«ዶክተር! ወደ እኔ ዞሩ እኮ!»

ሰውየው ቀረብ አለ። ማይክሮስኮፑን ዞር ብሎም አላየው። ፀጉሯን በብዕሩ ጫፍ ገለጥ አድርጎ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ቆዳ ትንሽ ተመለከተና ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፈ።

«ምንታምርም በመጀመሪያው ቀን» አላት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልክ እንዳንቺ ነበር ደስ ያላት።»